ተሰናባቹ ቪ8 ወይስ አዲሱ ላንድክሩዘር?



የተከበራችሁ ወላጆች፣ የተወደዳችሁ ወጣቶች! የዛሬው ርዕሳችን መኪና ነው ስንል የሚገረም አንባቢ አይጠፋም። «መምህር ስለ መኪና ምን አገባው?» የሚልም ይኖራል። እርግጥ ነው፣ እኛ መምህራን በዚህ ገበያ ውስጥ ገዢ ሆነን የመቆም ዕድላችን ጠባብ ነው። ነገር ግን አንድ መኪና የአንድን ቤተሰብ የዓመታት ልፋት ጠቅልሎ የሚወስድ ከሆነ፣ ጉዳዩ የመኪና ብቻ መሆኑ ቀርቶ የቤተሰብ ጉዳይ ይሆናል።

ጥያቄው የመጣው ከአርባ ምንጭ ነው። ሁለት ወንድማማቾች እንግዶችን ወደ ዶርዜ እያወጡ፣ አንዳንዴም እስከ ጂንካ እያደረሱ በሚያገኙት ገቢ ይተዳደራሉ። ያረጀ መኪናቸውን ሸጠዋል። እናታቸውም የነበራቸውን ቦታ ሸጠው ገንዘቡን ጨምረውላቸዋል። ታላቅየው ሕዝቡ «ቪ8» እያለ የሚጠራውን፣ ፋብሪካው ማምረቱን ያቆመውን ላንድክሩዘር 200 ይፈልጋል። ታናሽየው ደግሞ ቅርጹና ሞተሩ ተለውጦ የመጣው ላንድክሩዘር 300 ካልሆነ ይላል። አንደኛው ሌላውን «ኋላ ቀር» ሲለው፣ ሌላው «ታይታ ወዳድ» እያለ ይመልሳል። ክርክሩ ጦፎ እናት በመሐል ተጨንቀዋል። ጥያቄው የእነሱ ብቻ ስላልሆነ እዚህ ልንወያይበት ወደድን።

ምን ተለወጠ?

ላንድክሩዘር 200 ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን እስከ 2021 ድረስ ለ14 ዓመታት ተመርቷል። ከእሱ በፊት የነበሩት 80 በ1990፣ 100 ደግሞ በ1998 የወጡ ናቸው። ስለዚህ 200 ከሁለቱም በላይ ረጅም ጊዜ በሥራ ላይ የቆየ ሞዴል ነው። ስሙን ያገኘበት ባለ 8 ሲሊንደር የናፍታ ሞተር 4.5 ሊትር ሲሆን፣ ባለ 6 ፍጥነት አውቶማቲክ ካምቢዮ አለው።

ላንድክሩዘር 300 ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ነው። «ቪ8» መባሉ እዚህ ላይ አበቃ። የናፍታ ሞተሩ ወደ 3.3 ሊትርና ወደ 6 ሲሊንደር ወርዷል፤ ካምቢዮው ወደ 10 ፍጥነት ከፍ ብሏል። ክብደቱም 200 ኪሎ ግራም ያህል ቀንሷል። ሞተሩ ቢያንስም ጉልበቱ አልቀነሰም። የመጎተት ኃይሉ በ200ው 650 ኒውተን ሜትር የነበረው ወደ 700 አድጓል። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ግን በሁለቱም ያው 2.85 ሜትር ነው። የኋለኛው ወንበር በ200ው ወደ ጎንና ጎን ታጥፎ የዕቃ ቦታ ሲሻማ፣ በ300ው ወለሉ ላይ ተኝቶ ይታጠፋል። በአንጻሩ የ200ው የኋላ በር ከላይና ከታች ለሁለት የሚከፈት ነው። ዕቃ ለሚጭንና መንገድ ዳር አረፍ ለሚል ሰው ምቾቱ የታወቀ ነው፤ በ300ው ይህ ቀርቷል።

እንግዲህ ታናሽየው «አዲሱ ይሻላል» ሲል ሐሰት አልተናገረም። ነገር ግን «የተሻለ» የሚለው ቃል ለማን፣ በየትኛው መንገድ፣ በማን ገንዘብ የሚል ጥያቄ ያስከትላል።

የዶርዜ ዳገት

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ዶርዜ 2,500 ሜትር ግድም ነው። በ30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ውስጥ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በጠመዝማዛ መንገድ ይወጣል ማለት ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በሳሳው አየር ልክ ይደክማል። ተርቦ ያለው ግን አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን በአብዛኛው ይሞላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። 200ውም ሆነ 300ው ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር የተገጠመላቸው ዓይነቶች አሏቸው። ስለዚህ ለዶርዜ ዳገት ተርቦ ያለው ናፍታ 200፣ ተርቦ ከሌለው ቤንዚን 300 ሊሻል ይችላል። አዲስ መልክ ብቻውን ዳገት አይወጣም። ከመልኩ በፊት ኮፈኖው ተከፍቶ ሞተሩ ይታይ።

የቁልቁለቱ ጉዳይ ደግሞ ከዳገቱ ይበልጣል። እንግዳ ጭኖ የሚወርድ ከባድ መኪና በፍሬን ብቻ ከተያዘ ፍሬኑ ግሎ ኃይሉን ያጣል። በዚህ ረገድ የ300ው ክብደት መቀነስና የማርሾቹ መብዛት እውነተኛ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተር እየያዘ የሚወርድ ሾፌር በ200ው በሰላም ይገባል፤ ፍሬን ረግጦ የሚወርድ በ300ውም አያስተማምንም።

የነዳጅ ሒሳብ

ታናሽየው ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ «አዲሱ ነዳጅ ይቆጥባል» የሚል ነው። በአውስትራሊያ ገበያ በወጣው ይፋ መለኪያ፣ ናፍታው 200 በ100 ኪሎ ሜትር 9.5 ሊትር፣ ናፍታው 300 ደግሞ 8.9 ሊትር ይጠጣሉ። ልዩነቱ 0.6 ሊትር ነው። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው የመጀመሪያው 1,900፣ ሁለተኛው 1,780 ሊትር ይፈጃሉ። የዓመቱ ቁጠባ 120 ሊትር መሆኑ ነው። በዳገት ሁለቱም ከዚህ በላይ ይጠጣሉ፤ ቢሆንም ልዩነቱ በእጥፍ ቢያድግ እንኳ በሁለቱ ዋጋ መካከል ያለውን በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ለመመለስ ዕድሜ አይበቃም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ አዲሱን መግዛት ሒሳቡ የማይዘጋ ነገር ነው።

መለዋወጫና ክልከላው

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ከዚያ በፊትም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 ከመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሎ ነበር። 300ው ከፋብሪካ ከወጣበት ጊዜ እስከ ክልከላው ያለው ጊዜ ሦስት ዓመት እንኳ አይሞላም። በዚያ አጭር ጊዜ የገባው፣ በ14 ዓመታት ከገባው 200 ጋር አይወዳደርም።

ይህ ለአንድ ሠራተኛ ቤተሰብ ምን ትርጉም አለው? መኪና በብዛት ባለበት መካኒኩም፣ መለዋወጫውም፣ ያገለገለ ዕቃም ይገኛል። የ200ው ዕቃ ሱማሌ ተራ ቢፈለግ የሚጠፋ አይመስለንም። የ300ው ግን ብዙ ጊዜ ከውጭ ይታዘዛል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገና ብር በእጅጉ ስለወረደ፣ ከውጭ የሚታዘዝ ዕቃ ሁሉ ከባድ ሆኗል። እንግዳ ተቀጥሮበት ሳለ አንድ ወር ዕቃ እየጠበቀ የሚቆም መኪና ለባለጸጋ ቅሬታ ነው፤ ለእነዚህ ወንድማማቾች ግን የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

የዶርዜ ሰው ይህንን ነገር በቤት አሠራሩ ከጥንት ጀምሮ አውቆታል። የቀርከሃ ቤቱን ሲሠራ ከፍ አድርጎ ይሠራዋል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ ቁመቱ እያጠረ ለብዙ አሥርት ዓመታት ያገለግላል። ቦታ መለወጥ ካስፈለገም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞት ይሄዳል። የቤቱ ጥንካሬ ፈጽሞ ባለመበላሸቱ ላይ አይደለም። ሲበላሽ በቅርብ ባለ ቀርከሃ፣ በቅርብ ባለ እጅ መጠገኑ ነው።

ሲገዙ ምን ይታይ?

ይህን ስንል «ቪ8 የተባለ ሁሉ ይገዛ» ማለታችን አይደለም። ከ200ው መካከል ጥሩውም የተጎሳቆለውም አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና የሚከተሉት አይዘንጉ።

አንደኛ፦ መኪናው በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ይነሳ። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀ በሌላ ቀን ይመለሱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እንደሚቃጠል ይናገራል።

ሁለተኛ፦ የአየር ማጣሪያው ወጥቶ ከማጣሪያው ወዲያ ያለው ቱቦ በነጭ ጨርቅ ይጠረግ። አቧራ ከተገኘ ሞተሩ አቧራ ሲውጥ ኖሯል ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ ቪ8ቱ 8 ኢንጀክተሮች አሉት። በኮምፒውተር ይለኩ። ሁሉንም መለወጥ ቢያስፈልግ ወጪው ቀላል አይደለም።

አራተኛ፦ የናፍታ መኪናው የጭስ ማጣሪያ ያለው መሆኑ ይጠየቅ። ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት ይህ ማጣሪያ አላቸው፤ ንጹሕ ናፍታና ረጅም ጉዞ ይሻሉ። በአጭር በአጭር መንገድ ሲመላለሱ ማጣሪያው ይደፈናል። ይህ ጥያቄ በተለይ ለ300ው ያስፈልጋል።

አምስተኛ፦ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር፤ የጉምሩክ ሰነዱና ዕዳ ወይም እገዳ አለመኖሩ ይጣራ። ላንድክሩዘር በዓለም ላይ ሌባ አብዝቶ ከሚያሳድዳቸው መኪኖች አንዱ ነው። ፋብሪካው በ300ው ላይ በጣት አሻራ የሚነሳ ቁልፍ የጨመረውም ለዚህ ነው። በጃፓን ሳይቀር ገዢዎች በአንድ ዓመት ውስጥ አሳልፈው እንዳይሸጡት ቃል እንዲፈርሙ መደረጉ፣ በዚህ መኪና ዙሪያ ያለው የችኮላ ንግድ ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል።

ስድስተኛ፦ ከመፈረም በፊት መኪናው እንደ ዶርዜ ባለ መንገድ ላይ ተጭኖ ይፈተሽ፤ ወጥቶ ይውረድ። በከተማ አስፋልት ላይ የማይታይ ጉድለት በቁልቁለት ላይ ይታያል።

ለሚሸጡ ወንድሞችም አንድ ቃል አለን። ኪሎ ሜትር ቆጣሪን ወደ ኋላ መልሶ፣ የተበየደ ሻንሲን ቀለም ቀብቶ መሸጥ «የገበያ ብልሃት» አይደለም። ጉድለትን ደብቆ መሸጥ በሸሪዓ የተከለከለ ነው። እንዲህ ባለ መኪና ቁልቁለት የሚወርዱት ሰዎች ነፍስም አለ።

የገንዘቡ ነገር

ታናሽየው ለጎደለው ገንዘብ ብድር ሊወስድ ማሰቡን ነግሮናል። ወለድ ለሙስሊም ቤተሰብ አማራጭ እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል። በሙራበሓ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አስታውቆ በክፍያ ይሸጣል። ነገር ግን «ከወለድ ነፃ» ማለት «ያለ ወጪ» ማለት አይደለም። ትርፉ ይከፈላል፤ እንግዳ ባልመጣበት ወርም ክፍያው ይመጣል። ለሥራ የሚያስፈልግ መኪና በዚህ መንገድ ቢገዛ ነውር የለበትም። በቂ መኪና በእጅ ባለ ገንዘብ እየተገኘ፣ ለአዲስ መልክ ሲባል የዓመታት ዕዳ መግባት ግን ከኢስራፍ የራቀ አይመስለንም። የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ምክራችን

ለሁለቱ ወንድማማቾች የምንለው ይህ ነው። ተርቦ ያለው፣ በመጨረሻዎቹ የምርት ዓመታት የተሠራና በደንብ የተፈተሸ ናፍታ 200 ይግዙ። ከሚተርፈው ገንዘብ የጎማ፣ የፍሬንና የሰርቪስ ወጪ ለብቻው ይቀመጥ። የእናታቸው ገንዘብ ስጦታ ነው፣ ብድር ነው ወይስ በመኪናው ውስጥ ያለ ድርሻ? ይህ ቁልፍ ከመረከባቸው በፊት ምስክር ባለበት በጽሑፍ ይስፈር። ወንድማማቾችን የሚያጣላው ብዙ ጊዜ የመኪናው ሞዴል አይደለም፤ ያልተጻፈ ድርሻ ነው።

ገንዘቡ ያለ ዕዳ የሚበቃው፣ መኪናው ቢቆም ኑሮው የማይቆምበት፣ ሰነዱም የተሟላለት ሰው 300ውን ቢገዛ የተሻለ መኪና ገዝቷል፤ አላህ ይባርክለት እንላለን። በሠርግና በስብሰባ ላይ ለመታየት ብቻ የሚገዛው ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ መልክ ሲመጣ እንደገና ኋላ ቀር እንደሚሆን ይወቅ።

ወጣቶች ሆይ! ዶርዜ ወጥታችሁ ጋቢ ስትገዙ ልብ በሉ። የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው ጥለቱ ላይ አይደለም። ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ድሩንና ማጉን ያያል፤ በጣቱ ያሻል፤ ከዚያ በኋላ ዋጋ ይጠይቃል። ለመኪናም፣ ለቤትም፣ ለሌላውም ትልቅ ግዢ ይህን ልማድ አድርጉ።

ወላሁ አዕለም። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።