ወደቡ ሰፋ፤ ጭነቱስ?

ስለ ወደብ ሲወራ የሁላችንም ድምፅ ከፍ ይላል። ታክሲ ውስጥም ይሁን ቡና ላይ ወሬው አንዴ ከተነሳ የባሕር በር ታሪክ ይቀጥላል፤ የኪራዩ ዋጋ ይቀጥላል፤ «የማን ነበር፣ የማን ነው» ይቀጥላል። ወደቡ ድረስ ምን ይዘን እንደምንሄድና በምን እንደምንወስደው የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙም አይገጥመኝም። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህች የተረሳች ጥያቄ ነው። ምሳሌዬ ራቅ ይላል፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ሪቻርድስ ቤይ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

መጀመሪያ አንድ ቃል እንግባባ። የወደብ ሰዎች «ብትን ጭነት» የሚሉት በኮንቴይነር የማይታሸገውን፣ እንዳለ ወደ መርከቡ ሆድ የሚገለበጠውን ዕቃ ነው፤ ድንጋይ ከሰል፣ የብረት ማዕድን፣ ስንዴ፣ ፖታሽ። የዚህ ዓይነት ንግድ ትርፉ ከብዛቱ ነው። ስለዚህ ገበያ ሞቅ ባለ ቁጥር የወደቡ ባለቤቶች የሚያስቡት አንድ ነገር ነው፤ ማስፋት።

ሪቻርድስ ቤይም የሆነው ይኸው ነው። ከደርባን በስተሰሜን በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ የሚገኘው ይህ ወደብ በ1976 ሲከፈት የከሰል ተርሚናሉ አቅም በዓመት 12 ሚሊዮን ቶን ነበር። ንግዱ አደገ፣ ተርሚናሉም ደረጃ በደረጃ ተስፋፋ፤ በ2010 አቅሙ 91 ሚሊዮን ቶን ደረሰ። ከዓለም ትልልቅ የከሰል መላኪያዎች አንዱ ሆነ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የስኬት ታሪክ ብለን በጨበጨብን ነበር።

አላበቃም። ተርሚናሉ 91 ሚሊዮን ቶን አንድም ዓመት ልኮ አያውቅም። ከፍተኛው የ2017ቱ ነው፤ 76 ሚሊዮን ቶን ገደማ። ከዚያ ወዲያ ቁልቁል ሄደ፤ በ2022 ወደ 50 ሚሊዮን፣ በ2023 ደግሞ ወደ 47 ሚሊዮን ቶን ወረደ። በ2024 ትንሽ አንሰራርቶ 52 ሚሊዮን ደረሰ። በሌላ አነጋገር፣ ከተገነባው አቅም ግማሽ የሚጠጋው ቆሞ ይውላል ማለት ነው።

ለምን? ገዢ ጠፍቶ ነው እንዳትሉ። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ወርራ አውሮፓ ከሩሲያ ከሰል ፊቷን ስታዞር፣ የከሰል ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር። የአውሮፓ ገዢዎች ደቡብ አፍሪካን ደጅ ጠኑ። ወደቡ ባዶ ቦታ አለው፣ ማዕድን ማውጫው ከሰል አለው፣ ገዢው ገንዘብ ይዟል። ሆኖም በዚያው ዓመት የተላከው ከቀዳሚው ዓመት አነሰ። ከማዕድን ማውጫው እስከ ወደቡ ያለው የ580 ኪሎ ሜትር ገደማ ባቡር መስመር ታሞ ነበርና።

ተርሚናሉ የከሰል ኩባንያዎች ነው፤ ባቡሩ ግን ትራንስኔት የሚባለው የመንግሥት ድርጅት ነው። ሌቦች የመዳብ ገመዱን እየቆረጡ ይሸጡታል። ድርጅቱ በ2014 ያዘዛቸው 1,064 የባቡር ሞተሮች ግዢ በሙስና ቅሌት ተነከረ፤ ከአምራቾቹ አንዱ ከሆነው የቻይና ኩባንያ ጋር በተነሳው ውዝግብ መለዋወጫ ጠፍቶ ብዙ ሞተሮች ቆሙ። 200 ፉርጎ የሚጎትት ባቡር በቆመ ቁጥር፣ የባሕሩ ዳር ግዙፍ ማሽን ተመልካች ይሆናል።

ነገሩ ለአዲስ አበባ ነዋሪ አይከብድም። ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር፣ ግቢው ውስጥ ሦስት ቧንቧ ጨምሮ የሚተክልን ሰው ምን ትሉታላችሁ?

ይህ የኩባንያዎች ኪሳራ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም እንቅልፍ አላጣበትም። ባቡሩ ሲያቅተው ጭነቱ ወደ አስፋልት ወጣ። ወደ ሪቻርድስ ቤይ በሚወስደው ኤን ቱ በተባለው አውራ ጎዳና ላይ ተሳቢዎች ለኪሎ ሜትሮች ተሰልፈው ማየት የተለመደ ሆነ፤ በ2023 መጨረሻ ወረፋው ከመብዛቱ የተነሳ መኪኖቹ ለጊዜው እንዳይመጡ እስከ መከልከል ተደረሰ። በመስከረም 2022 በዚሁ መንገድ ላይ፣ ፖንጎላ አቅራቢያ፣ አንድ ከባድ መኪና ተማሪዎችን ከጫነ ፒክአፕ ጋር ተጋጭቶ 20 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ። የአሽከርካሪው ጥፋት የራሱ ነው። ግን ያን ሁሉ የጭነት መኪና የት/ቤት ልጆች በሚመላለሱበት መንገድ ላይ ያፈሰሰው ማነው የሚለው ጥያቄም አብሮ ተነሳ፤ መነሳትም ነበረበት።

«ታዲያ ወደብ አይስፋ ልትይ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አላልኩም። አውስትራሊያ ውስጥ ፖርት ሄድላንድ የሚባል ወደብ በዓመት ከ500 ሚሊዮን ቶን በላይ ይልካል፤ አብዛኛው የብረት ማዕድን ነው። እዚያ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ማዕድኑን፣ ባቡሩንና የመጫኛ ቦታውን እንደ አንድ ሰንሰለት ይዘውታል። አንዱ ሲሰፋ ሌላው አብሮ ይሰፋል። ሪቻርድስ ቤይ ራሱስ ቢሆን ያኔ በ1976 የተሳካለት ወደቡና የከሰል ባቡሩ አንድ ላይ ስለተሠሩ አይደል? ወደብ የገመድ ጫፍ ነው። ጫፉን ቢያወፍሩት መሐሉ ከሳሳ መበጠሱ አይቀርም።

አሁን ወደ ቤታችን። ጅቡቲ በሰኔ 2017 የታጁራን ወደብ መርቃ ስትከፍት፣ ዋና ተስፋዋ የእኛው የአፋር ፖታሽ ነበር። ከሰሜን ኢትዮጵያ እስከ ታጁራ የሚዘልቅ የባቡር ሐዲድም ታቅዶ ነበር። ወደቡ አለ። ሐዲዱ ግን ታጁራ አልደረሰም፤ የአዋሽ–ወልድያ መስመርም ገንዘብ፣ የኤሌክትሪክ ኃይልና ጦርነት ተፈራርቀውበት ሥራ ሳይጀምር ቀርቷል። የዳሎል ፖታሽም እስካሁን ለገበያ በሚበቃ መጠን አልወጣም። ለፖታሽ የተሠራ ወደብ ፖታሽ ይጠብቃል!

«ወደብ ካልቀደመ ባለሀብት አይመጣም» የሚለው ክርክር ውስጥ እውነት አለ። ማንም የሚወጣበት በር በሌለበት ጉድጓድ አይቆፍርም። ግን በሩ ብቻውን መንገድ አይሆንም። ሁለቱን ነጣጥሎ የሚያቅድ መንግሥት፣ ጅቡቲም ይሁን ኢትዮጵያ ወይም ደቡብ አፍሪካ፣ ዕዳውን ከሁለቱም ጫፍ ይከፍላል። ደቡብ አፍሪካ ይህን ተረድታ ሐዲዷን ለሌሎች መክፈት ጀምራለች፤ በ2025 ባቡር እንዲያስኬዱ የተመረጡ 11 የግል ድርጅቶች ይፋ ተደርገዋል። ወደቡ 91 ሚሊዮን ከደረሰ ከ15 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ለሙያ ባልደረቦቼም አንድ ነገር ልበል። ጋዜጠኝነት ስንማር «ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ» ተባልን። ምረቃ ላይ ሄደን ሪባን ሲቆረጥ እናያለን፤ «አቅሙ ይህን ያህል ቶን ነው» የሚለውን ቁጥር ገልብጠን እንመለሳለን። አቅም ግን ምኞት ነው። ዜናው ከዓመት በኋላ ተመልሶ «ስንት ተጫነ?» ማለት ነው።

እናም በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ባለሥልጣን ስለ ወደብ ትልቅ ቁጥር ሲነግረን፣ ከማጨብጨባችን በፊት ሁለተኛ ቁጥር እንጠይቀው፤ በቀን ስንት ባቡር ይደርሳል? መልሱ ዝምታ ከሆነ፣ ጭነቱ የሚመጣው በመንገዱ፣ በልጆቻችን መሐል ነው።