ለደም ይርጋ የለውም

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከቀድሞ የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ቡና እየጠጣን ስለ ዓለም ነገር መጨዋወት ልማዳችን ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ከመካከላችን ደግና ርኅሩኅ የሆነው ሰው የጀርመንን ፍርድ ቤት ሲወቅስ ሰማሁት። «የዘጠና ሰባት ዓመት አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ ችሎት ማቅረብ ምን የሚሉት ፍርድ ነው? ነገሩ ካለፈ ሰባ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ያውም በእጇ ሰው አልገደለችም፤ የጽሕፈት መኪና ስትመታ የነበረች ጸሓፊ ናት። መቃብር ቈፍሮ አጥንት ማውጣት ለማን ይጠቅማል?» አለ። ሌሎቹም እውነት ነው ሲሉ ተቀበሉት። እኔ በዚያ ቀን መልስ አልሰጠሁም፤ ነገር ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። ለጓደኛዬና እንደ እርሱ ለሚያስቡ ሁሉ መልሴ ይህ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

አስቀድመን ነገሩን እንደ ሆነው እናስቀምጥ። ሽቱትሆፍ በዳንዚግ ከተማ አጠገብ፣ ዛሬ የፖላንድ ግዛት በሆነው ምድር፣ ናዚዎች በ1939 ያቋቋሙት የእስረኞች ሰፈር ነበረ። በዚያ ስፍራ ወደ 65,000 የሚሆኑ ሰዎች በረኃብ፣ በበሽታ፣ በጥይትና በመርዝ ጋዝ አልቀዋል። ሴትዮዋ ከ1943 እስከ 1945 በሰፈሩ አዛዥ ጽሕፈት ቤት ጸሓፊ ነበረች። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 18 እና 19 ዓመት ስለ ነበረ፣ ጉዳይዋ በኢትሰሆ ከተማ በወጣቶች ችሎት ታየ። በ2021 በመጀመሪያው የቀጠሮ ቀን ከአረጋውያን መኖሪያ በታክሲ ተነሥታ ጠፍታ ነበር፤ በዚያው ዕለት ተገኘች። ዳኞቹ ከጽሕፈት ቤቱ ሆኖ ምን ይታይ እንደ ነበረ በዓይናቸው ለማየት እስከ ስፍራው ድረስ ሄዱ። ከሞት የተረፉ ሽማግሎች ምስክርነታቸውን ሰጡ። በዲሴምበር 20 ቀን 2022 ፍርድ ቤቱ ከ10,000 በላይ በሆኑ ሰዎች መገደል ተባባሪ ነበረች ሲል ፈረደባት። ቅጣቱስ ምን ነበረ? ሁለት ዓመት እስራት፣ እርሱም በገደብ የታገደ። በ2024 የበላዩ ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸናው፤ በ2025 መጀመሪያ ላይ ሴትዮዋ በ99 ዓመቷ ሞተች። ይህን ቅጣት ለመፈጸም ወኅኒ አልገባችም።

እንግዲህ ጓደኛዬ ጭካኔ ያለው ይህ ነው። እኔ ግን በዚህ ፍርድ ውስጥ ጭካኔ አላየሁም። ፍርዱ በደሉን በስሙ ጠራው፤ ምሕረቱ ደግሞ ቅጣቱን አቀለለው። ፍርድ የሌለበት ምሕረት በደለኛውን ብቻ ያስደስታል፤ የተበደለውን ግን ሁለተኛ ይበድለዋል።

የመጀመሪያው ክርክር «ዘመኑ አልፏል» የሚል ነው። ሕግ አዋቂዎች ይህን ይርጋ ይሉታል። ለብድርና ለድንበር ክርክር ይርጋ መልካም ነገር ነው፤ ሰው የአያቱን ዕዳ ሲቈጥር እንዳይኖር ያሳርፋል። ለነፍስስ? በቀድሞው የጀርመን ሕግ ነፍስ መግደል እንኳ በ20 ዓመት ይርጋ ይታገድ ነበር። ጦርነቱ ያበቃው በሜይ 1945 ስለ ሆነ፣ ክስ ያልተመሠረተባቸው የናዚ ገዳዮች ሁሉ በሜይ 1965 ነፃ ሊወጡ ነበረ። በዚያ ዓመት በማርች ወር በቦን ምክር ቤት ታላቅ ክርክር ተነሣ። አዶልፍ አርንት የተባለ የሕዝብ እንደራሴ፣ በናዚ ዘመን ከዳኝነት ሥራው የለቀቀ ሰው፣ ቆሞ ራሱን ከሰሰ፤ አይሁድ በጭነት መኪና ሲጋዙ እያየሁ ወደ መንገድ ወጥቼ ስላልጮኽሁ እኔም ከበደሉ ድርሻ አለብኝ አለ። ከተሳደዱት ወገን የሆነው ሰው እንዲህ ሲናገር፣ ያሳደዱት ግን ዝም ብለው ዓመት ይቈጥሩ ነበር።

ምክር ቤቱ በዚያ ቀን ሙሉ ድፍረት አላገኘም። ቈጠራው ከ1950 ይጀምር ብሎ ጥቂት ዓመታት ገዛ። በ1969 ዘመኑን ወደ 30 ዓመት አራዘመው። በጁላይ 1979 ግን ነፍስ መግደል ምን ጊዜም ይርጋ የለውም ተብሎ ተወሰነ። ድምፁ 255 በ222 ነበረ። በዚህ ያህል ጠባብ በር ነው እውነት ያለፈችው። ከዚያ ቀን በፊት ገዳዩ ቀን መቍጠሪያ እያየ ተስፋ ያደርግ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ቀን መቍጠሪያው ተስፋ አልሆነውም።

ሁለተኛው ክርክር «ለምን እስከ እርጅናዋ ጠበቁ?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ክሱን አያፈርሰውም። ፍርዱ የዘገየው ፍርድ የሚሰጡት ሰዎች ራሳቸው ፍርድ ይፈሩ ስለ ነበር ነው። በአይሁድ ላይ የወጣውን የ1935ቱን የኑረምበርግ ሕግ ከተረጐሙት አንዱ ሐንስ ግሎብከ፣ ከ1953 እስከ 1963 በቻንስለር አዴናወር ጽሕፈት ቤት የበላይ ሹም ሆኖ ሠርቷል። የናዚ «የሕዝብ ፍርድ ቤት» የተባለው ከ5,000 በላይ የሞት ፍርድ ሲሰጥ፣ ከዳኞቹ መካከል በምዕራብ ጀርመን ፍርድ ቤት በጸና ፍርድ የተቀጣ አንድ እንኳ የለም። በ1968 ደግሞ ስለ ጥቃቅን ደንብ መተላለፍ በወጣ ሕግ ውስጥ የገባች አንዲት አንቀጽ የብዙ ተባባሪዎችን ይርጋ አሳጠረች፤ በዚህም ምክንያት በበርሊን በናዚ ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ሹማምንት ላይ ለዓመታት ሲሰበሰብ የቈየው ምርመራ ፈረሰ። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ የሚለው ተረት በኛ አገር ብቻ የሚሠራ ይመስላችኋልን?

የምሥራቁ ጀርመንም ከዚህ አልተሻለም። እኛ ፋሺስትን የተዋጋን ነን፣ በደሉ የምዕራቦቹ ነው ብሎ ከደሙ እጁን ታጠበ።

በዚህ ሁሉ መካከል ብቻውን የቆመ አንድ ዐቃቤ ሕግ ነበረ፤ ስሙ ፍሪትስ ባወር ነው። አይሁዳዊ ነበረ፤ በ1933 ታስሯል፣ ኋላም ወደ ዴንማርክና ወደ ስዊድን ተሰድዷል። ከጦርነቱ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በሔሰን ግዛት ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆነ፤ በእርሱም ትጋት በ1963 የአውሽቪትስ ሰዎች በፍራንክፈርት ችሎት ቆሙ። በ1965 ስድስቱ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ፍርድ ቤቶች «ይህ ሰው ይህን ሰው በዚህ ቀን በእጁ ገደለ» የሚል ማስረጃ ካልመጣ አንቀጣም ይሉ ነበር። ያ አሳብ የተሰበረው በ2011 በሙኒክ ከተማ፣ የሶቢቦር ዘበኛ የነበረ ሰው በተፈረደበት ጊዜ ነው። በ2015 በአውሽቪትስ የሟቾችን ገንዘብ ይቈጥር የነበረው ኦስካር ግሮኒንግ ተፈረደበት፤ ቀጥሎም የጸሓፊዋ ተራ ደረሰ። ስለዚህ የሴትዮዋ እርጅና የአገሪቱ ዳኞች የስንፍናቸው ዋጋ ነው። ባለዕዳው ስለ ዘገየ ዕዳው ይቅር ይባል ማለት፣ ማዘግየትን ሙያ አድርጎ ማስተማር ነው።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ የከበደው ነው፤ «መጻፍ ብቻ ነው የጻፈችው» የሚል።

እኔ በልጅነቴ የተማርሁት ከጀርመን የመጡ ሚሲዮናውያን ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ነው። ፊደል ያስቈጠሩኝ፣ ታምሜ ሳለሁ መድኃኒት የሰጡኝ እነርሱ ናቸውና ውለታቸውን አልረሳም። ሒሳብ ያስተምሩን የነበሩት መምህር ሥርዓት የሚወዱ፣ ጽሕፈታቸው እንደ ማተሚያ የጠራ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ከመካከላችን ደፋሩ ልጅ ተነሥቶ «በጦርነቱ ጊዜ ምን ይሠሩ ነበር?» ሲል ጠየቃቸው። ጠመኔውን አስቀምጠው ጥቂት ዝም አሉና «በምድር ባቡር መሥሪያ ቤት ጸሓፊ ነበርሁ፤ ቍጥር እጽፍ ነበር» አሉ። ልጁም «የምን ቍጥር?» አላቸው። መልስ ሳይሰጡ ወጥተው ሄዱ። ደወል ሳይደወል ከክፍል ሲወጡ ያየነው ያን ቀን ብቻ ነው። እኛ ልጆች ነበርንና ሳቅን።

ከብዙ ዓመት በኋላ በመጻሕፍት ያነበብሁት ሳቄን አስመለሰኝ። የጀርመን ምድር ባቡር አይሁድን ወደ መገደያቸው ሲያጓጕዝ በነፍስ ወከፍና በኪሎሜትር ዋጋ ያስከፍል ነበር። ከዐሥር ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግማሽ ዋጋ፣ ከአራት ዓመት በታች ለሆነ ነፃ። ተጓዦቹ ከ400 በላይ ከሆኑ ደግሞ የማኅበር ቅናሽ አለ። ይህን ሁሉ የሚያሰላ ሰው ያስፈልጋል። ሒሳቡን የሚያሰላው ሰው ማንንም አልመታም፣ በማንም ላይ አልጮኸም፤ ማታም ቤቱ ገብቶ ልጆቹን ይስማል። መምህሬ የጻፉት ቍጥር ይህ ይሁን ሌላ አልነገሩንም፤ እኔም አልፈርድባቸውም። ዝምታቸው ግን እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

ወዳጄ ሆይ፣ ጥይት የሚገድለው አንድ ሰው ነው፤ ዝርዝር የሚገድለው ግን ከተማ ሙሉ ነው። ገዳዩ ማንን እንደሚገድል የሚያውቀው ከዝርዝሩ ነው። ትእዛዙ ካልተጻፈ፣ ማኅተሙ ካልተመታ፣ ቍጥሩ ካልተደመረ፣ ባቡሩ አይነሣም። ናዚዎች በኤፕሪል 1933 አይሁዳውያን ሠራተኞችን ከመንግሥት ሥራ ያስወጡት በዱላ አልነበረም፤ በሕግ፣ በቅጽና በፊርማ ነበር። መምህራንም ከመንግሥት ሠራተኞች መካከል ነበሩ። ከጎረቤት ክፍል ባልደረባቸው ሲባረር አብዛኞቹ መምህራን ዝም ብለው ትምህርታቸውን ቀጠሉ።

ይህን የምለው እንደ ንጹሕ ሰው አይደለም። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስም ስጠራና ስም ስጽፍ የኖርሁ ነኝ። ወጣት መምህር ሳለሁ የተማሪዎቼን ስም ዝርዝር ለምን እንደሚፈለግ ሳልጠይቅ ገልብጬ የሰጠሁበት ቀን አለ። በእግዚአብሔር ቸርነት ክፉ ነገር አልደረሰባቸውም። ነገር ግን ያ ቸርነት የእኔ ጽድቅ አይደለም። ክፉ ቢደርስባቸው ኖሮ «እኔ መገልበጥ ብቻ ነው የገለበጥሁት» ልል ነበር። ስለዚህ ነው የዚያች አሮጊት ነገር እንቅልፍ የነሣኝ።

አራተኛው ክርክር «ያለፈውን ማንሣት አገር ይከፋፍላል» ይላል። እስቲ ጀርመንን እንመልከት። በዲሴምበር 1970 ቻንስለር ቪሊ ብራንት፣ ራሱ ከናዚ የተሰደደ ሰው፣ በዋርሶ በአይሁድ መታሰቢያ ፊት ተንበረከከ። ብዙ ጀርመናውያን አገራችንን አዋረደ ብለው ተቈጥተው ነበር። አገሪቱ ግን በዚያ ጕልበት ተዋረደችን? በ1990 ሁለቱ ጀርመኖች አንድ ሲሆኑ፣ የወረሯቸው ጎረቤቶች እንደገና ጠመንጃ አላነሡባቸውም። የተናዘዘ ጎረቤት ከሚክድ ጎረቤት ይልቅ ይታመናልና። ዛሬ በጀርመንና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች መንገዶች ላይ የተገደሉት ሰዎች ስም የተቀረጸባቸው ከ100,000 በላይ ትንንሽ የናስ ድንጋዮች በቀድሞ ቤታቸው ደጃፍ ተተክለዋል። አላፊ አግዳሚው ስሙን ለማንበብ ራሱን ዝቅ ያደርጋል።

መጽሐፉ ይዘጋ የሚሉትስ እነማን ናቸው? በ2017 ብዮርን ሆከ የተባለ፣ ከአማራጭ ለጀርመን ፓርቲ መሪዎች አንዱ፣ ቀድሞ የታሪክ መምህር የነበረ፣ በድሬስደን ተነሥቶ የአገሩ የመታሰቢያ ፖለቲካ ፈጽሞ ይገልበጥ አለ። የታሪክ መምህር ታሪክ ይበቃናል ሲል መስማት ለእንደ እኔ ላለ ሰው መራር ነው። ያ ፓርቲ በፌብሩዋሪ 2025 ምርጫ ከመቶ ወደ 21 የሚሆን ድምፅ አግኝቶ ሁለተኛ ሆነ። የመረጡት ሁሉ ናዚዎች ናቸው አልልም፤ ብዙዎቹ በኑሮና በሌላ ነገር የተማረሩ ናቸው። ነገር ግን ቍስሉ ይሸፈን የሚለው ሰው ሁልጊዜ ለሕመምተኛው አዝኖ አይደለም፤ አንዳንዱ ያቈሰለውን ቢላዋ ለመመለስ ነው።

ጀርመንም ራሷ ኑዛዜዋን ገና አልጨረሰችም። ከ1904 እስከ 1908 በናሚቢያ ምድር የሄሬሮንና የናማን ሕዝብ በጥይትና በበረሓ ጥም ፈጅታለች። ያን ግፍ የዘር ማጥፋት ነው ብላ በመንግሥት ደረጃ የተናገረችው በ2021 ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይታ። 1.1 ቢሊዮን ዩሮ በ30 ዓመት ለልማት እሰጣለሁ ስትል፣ ከተበደሉት ወገኖች ብዙዎቹ፣ በድርድሩ በሚገባ አልገባንበትም፣ ካሣም ብላ አልጠራችውም ብለው ተቃወሙ። ጥቍር ሲሞት ኑዛዜው ይበልጥ ይዘገያልን? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

የኛም ሕገ መንግሥት በ28ኛው አንቀጹ በሰው ዘር ላይ የሚፈጸም ወንጀል በይርጋ አይታገድም ብሎ ጽፏል። ቃሉ መልካም ነው። ነገር ግን ቃሉ በወረቀት የሚኖረው፣ ጓደኛዬ በቡና ላይ እንደ ተናገረው እኛም «ያለፈው አለፈ» እያልን ስንስማማ ነው።

ለቀድሞ ተማሪዎቼም አንድ ቃል አለኝ። ከእናንተ ብዙዎቹ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ማኅተም የያዛችሁ፣ ዝርዝር የምታዘጋጁ ናችሁ። አንድ ቀን አለቃችሁ የሰዎች ስም ያለበት ወረቀት ያቀርብላችኋል። ከመጻፋችሁ በፊት «ይህ ወረቀት ወዴት ይሄዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካልተሰጣችሁ ብዕራችሁን አስቀምጡ። ይህን በማድረጋችሁ እንጀራችሁን ታጡ ይሆናል፤ ቀላል ነው አልላችሁም። ነገር ግን በዘጠና ስድስት ዓመታችሁ በታክሲ ከመሸሽ፣ በወጣትነታችሁ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይሻላችኋል።