የተጎዳ ዕቃ ይመለሳል

አንድ የዱቦ ገበሬ ዝንጅብሉን ሸጦ፣ ሶዶ ሄዶ 20 ቆርቆሮ ገዛ እንበል። ነጋዴው፣ «በመኪናዬ ቤትህ ድረስ አደርስልሃለሁ» አለው። ቆርቆሮው ሲደርስ ሦስቱ ተቀደው ተገኙ። ነጋዴው ግን፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለ።

ታዲያ የዓመት ልፋት እንዲሁ ይቅር? አይቀርም! ሕግ አለ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለዕቃው ጉድለት ኃላፊ አደረገው። ገዢም ዕቃውን ቶሎ እንዲያይ፣ ጉድለቱንም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲነግር አዘዘ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ቀኑን ቆረጠ። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው፣ ከገዛበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀን ውስጥ «ለውጥልኝ፤ ወይም ገንዘቤን መልስልኝ» ማለት ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

1. ደረሰኝ ሳትቀበሉ ከሱቅ አትውጡ። ቀኑን፣ ብዛቱንና ዋጋውን አንብቡ። «ቤት ድረስ አደርሳለሁ» ካለም ያንኑ ይጻፍላችሁ።

2. ዕቃው ሲወርድ አንድ በአንድ እዩ። የተጎዳውን ለጎረቤት አሳዩ።

3. በዚያው ቀን ለነጋዴው ጻፉለት። ግልባጩን ለራሳችሁ አስቀሩ።

4. እምቢ ካለ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ።

ማንበብና መጻፍ ገንዘብ ያስመልሳል። በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ጥያቄ፦ ደረሰኙ ላይ ቀኑ ባይጻፍ፣ 15ቱን ቀን ከየት ጀምረን እንቆጥራለን?