የተራበ እርሾ ይመገባል፤ የሻገተ ይጣላል

ሰሞኑን አንዲት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ለክትትል መጥተው ነበር። የደም ማነስ ስላለባቸው የአይረን ኪኒን ታዞላቸዋል። ስለ አመጋገባቸው ስጠይቃቸው «የምበላው የጤፍ እንጀራ ነው» አሉኝ። ነገሩን ገፋ አድርጌ ስጠይቅ ግን እርሾው ውሃው ጠቁሮ ሽታው ስለከረረ «ሞተ» ብለው እንደደፉት፣ ከዚያ ወዲህ ሊጡን በቤኪንግ ፓውደር አስነስተው በዕለቱ እንደሚጋግሩ ነገሩኝ። እንጀራው ሲሻግት ደግሞ የሻገተውን ቆርጠው ቀሪውን ይበላሉ። የሚያዘውን ጥለው የሚጣለውን ያዙ ማለት ነው።

ጥፋቱ የእርሳቸው ብቻ አይደለም። እኛ ሐኪሞችም «ጤፍ ብሉ» ብለን እንሸኛለን እንጂ እንዴት እንደቦካ አንጠይቅም። ጤፍ አይረን ቢኖረውም ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገርም አለው፤ ይህም አይረኑን ይዞ ሰውነታችን በሚገባ እንዳይጠቀምበት ያደርጋል። ሊጡ በእርሾ በደንብ ሲቦካ የፋይቴቱ መጠን ይቀንሳል። ቤኪንግ ፓውደር ሊጡን ያስነሳ እንደሆነ እንጂ ይህን ሥራ አይሠራም። በእርግጥ በደንብ የቦካ እንጀራ የታዘዘን ኪኒን አይተካም፤ ነገር ግን ከምንበላው ምግብ የምናገኘውን ጥቅም ይጨምራል።

እርሾ ሕይወት ያላቸው ረቂቅ ተሕዋስያን ስብስብ ነው። ምግባቸው ዱቄት ነው። ዱቄቱ ሲያልቅባቸው ከላይ ውሃ ያቀርራል፣ ሽታው ይከርራል፣ አረፋው ይጠፋል። ይህ የረሃብ ምልክት ነው እንጂ ሞት አይደለም።

እንዲህ ሲሆን ከላይ ያቀረረውን አሮጌ ውሃ ይድፉ። ከሥር ካለው ወፍራም ሊጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወስደው በንጹሕ ዕቃ ውስጥ ከግማሽ ብርጭቆ የጤፍ ዱቄትና ከለብ ያለ ውሃ ጋር ያሹት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡ። በየ12 ሰዓቱ ሁለት ማንኪያ ብቻ አስቀርተው እንደገና ይመግቡት። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ቀን ውስጥ አረፋ ይመለስና ደስ የሚል የኮመጠጠ ሽታ ይኖረዋል። ለአንድ ኪሎ ዱቄት አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል እርሾ ይበቃል።

ብዙ ጊዜ እርሾን የሚገድለው ሙቀት ነው። የፈላ ውሃ አይጨምሩ፤ አብሲቱንም እጅ እስኪችለው ሳያበርዱ ከሊጡ ጋር አይቀላቅሉ። በክረምት ብርድ ሊጡ ቢዘገይ አይደንግጡ፤ አንድ ቀን ይጨምሩለት። ለተወሰነ ጊዜ የማይጋግሩ ከሆነ እርሾውን ክዳኑን ሳያጠብቁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው በሳምንት አንድ ጊዜ ይመግቡት።

ሻጋታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እርሾው ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ሮዝ ቀለም ካዩ፣ ወይም የበሰበሰ ነገር ሽታ ከሸተተዎት በሙሉ ይድፉት፤ ዕቃውንም በፈላ ውሃ ይጠቡ። ከላይ ጠርጎ ማስቀረት አያዋጣም። ሻጋታ ዓይን የማያየው ሥር አለው፤ አንዳንዱም የምጣድ ሙቀት የማያጠፋው መርዝ ያመነጫል። የዚህ ዓይነቱ መርዝ ጉዳት ዛሬ ላይታይ ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን ጉበትን ይጎዳል። እንጀራም እንደዚሁ ነው፤ የሻገተው ለድርቆሽም አይሁን።

«ቆምጣጣ እንጀራ ጨጓራ ያሳምማል» ብለው ማቡካት የተዉም አሉ። የጨጓራ ቁስለት ዋና መንስኤዎች ባክቴሪያና አንዳንድ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች ናቸው። ቀድሞ የታመመ ጨጓራ ያለበት ሰው መኮምጠጡ ከረበሸው ሊጡ ብዙ እንዳይቆይ ያድርግ፤ ሕመሙንም ይመርመር።

ለነፍሰ ጡሯ የነገርኳቸው ኪኒናቸውን እንዳያቋርጡና ለእርሾው ጎረቤት እንዲጠይቁ ነው። «ዛሬ እርሾ መለመን ያሳፍራል» ብለው ሳቁ። አያሳፍርም። እናቶቻችን ሲዋዋሱት የኖሩት ነው። እርስዎም እርሾዎ ከጠፋ ይጠይቁ፤ ካለዎት ያካፍሉ።