ከመታሸቱ በፊት ይመርመር

ኳስ ሲጫወት ወይም ደረጃ ሲወርድ እግሩ ወለም ያለው ሰው ዙሪያውን ከከበቡት የሚሰማው ምክር ሁለት ነው፤ «ወጌሻ ጋር ሂድ» ወይም «ራጅ ተነሳ»። ከሁለቱም መቅደም ያለበት ግን በእጅ የሚደረግ ጥንቁቅ ምርመራ ነው።

ለዚህ የሚሆን ደንብ እ.ኤ.አ. በ1992 ታትሟል፤ በካናዳ ኦታዋ ያዘጋጁት ዶክተር ኢያን ስቲልና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ቁርጭምጭሚቱን ያመመው ሰው ራጅ የሚያስፈልገው ከግራና ቀኝ ጉብታዎቹ የአንዱ ጫፍ ወይም የኋላ ጠርዝ፣ እስከ 6 ሴንቲሜትር ሽቅብ፣ ሲጫኑት አጥንቱን ካመመው ነው። ጉዳቱ እንደደረሰም በምርመራው ሰዓትም 4 እርምጃ መራመድ ካቃተውም እንዲሁ። እያነከሰ መራመዱ እንደ መቻል ይቆጠርለታል። እነዚህ ምልክቶች ከሌሉ ስብራት የመኖሩ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው።

እብጠቱ ብቻውን አይፈርድም! ወለምታም ክፉኛ ያሳብጣል።

ደንቡ ለሁሉም አይሠራም። በስኳር ሕመም እግሩ የደነዘዘ ወይም የሰከረ ሰው ሕመሙን በትክክል ላይናገር ይችላል።

ራጅ በሩቅ ለሚገኝበት ጤና ጣቢያ ይህ ዕውቀት ትልቅ አቅም ነው። የጤና ባለሙያዎችም ሆኑ የስፖርት ቡድኖች ሊሠለጥኑበት ይገባል። ወጌሻዎችም፣ አጥንቱ ሲነካ የሚያመውን እግር ከማሸት ይታቀቡ፤ ወደ ሐኪም ይላኩት።