«የእንጦጦ ልጅ ነኝ» ሜክሲኮ ሲቲ ላይ አይሠራም

ዛሬ ስለ ኳስ ነው የማወራችሁ። አይግረማችሁ፣ ዞሮ ዞሮ ደም ግፊትና ሳንባ ላይ ማረፌ አይቀርም።

የአክስቴ ልጅ፣ እኔ «ወንድም ጋሼ» የምለው፣ ተወልዶ ያደገው ሽሮ ሜዳ ነው። ከ20 ዓመት በላይ ግን ኑሮው ቨርጂኒያ ነው። ዘንድሮ ለፋሲካ ሲመጣ ከሻንጣው መጀመሪያ አውጥቶ ያሳየኝ የሜክሲኮን ማሊያ ነው። የዓለም ዋንጫ መክፈቻ ትኬት አግኝቷል፤ ሰኔ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሜክሲኮ ከደቡብ አፍሪካ፣ አዝቴካ ስታዲየም። የኛ ቡድን ባይኖርም ኳስ ለሚወድ ሰው አዝቴካን ማየት ትንሽ ነገር አይደለም። ፔሌ በ1970 እ.ኤ.አ. ዋንጫ ያነሳበት፣ ማራዶና በ1986 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ላይ አንዱን በእጁ ሌላውን በእግሩ ያገባበት ሜዳ ነው።

ጉዞውን አሳምሮ አቅዷል። ሆቴሉ፣ ወደ ስታዲየም የሚወስደው ባቡር፣ ታኮ የሚጣፍጥበት ሰፈር፣ ሁሉም ስልኩ ላይ ተጽፏል። የሚደርሰው ጨዋታው ሊደረግ አንድ ሌሊት ሲቀረው ነው። «ከፍታውስ?» አልኩት። ሳቀብኝ። «እኔን ነው? የእንጦጦን ልጅ?»

እሺ ብዬ ዝም አልኩ። በመጣ በሦስተኛው ቀን እንጦጦ ማርያም ልሳለም አለኝና አብረን ወጣን። ከሽሮ ሜዳ በታክሲ ሄደን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን «ልጅ ሆኜ በእግሬ ነበር የምወጣው» ብሎ አስወረደን። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ወሬ አቆመ። ሦስተኛው ላይ ባሕር ዛፍ ተደግፎ ቆመ። የእንጨት ሸክም ጀርባቸው ላይ ያዘሉ እናቶች በጎናችን ሲያልፉ አንዷ «አይዞህ ልጄ፣ ቀስ በል» አሉት። እሳቸው ያን ሁሉ ተሸክመው፣ እሱ ደግሞ ስልኩን ብቻ ይዞ!

ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰካሁለት። 86 አለ። የኔ 93 ነበር። የልብ ምቱን አልነግራችሁም። ቁጭ ብለን ስንጫወት ሌላ ነገር ወጣ፤ የደም ግፊት መድኃኒቱን ከአሜሪካ ሲነሳ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከቶት፣ ሻንጣው ሁለት ቀን ዘግይቶ በመድረሱ መዋጥ አቁሞ ነበር። ከደረሰም በኋላ «ፋሲካ ነው» ብሎ አልጀመረውም። የተጀመረው ውስኪው ነው።

እዚህ ላይ ነገሩን ላስረዳችሁ። ኦክስጅን በየትኛውም ቦታ የአየሩ 21 በመቶ ያህል ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ወደ ሩብ በሚጠጋ ያንሳል። እንጦጦ ማርያም ደግሞ 3,000 ሜትር አካባቢ ናት፣ እዚያ ይብሳል። ሰውነት መጀመሪያ የሚያደርገው ቶሎ ቶሎ መተንፈስና ልብን ማፍጠን ነው። ደሙን ለቦታው የሚስማማ አድርጎ ለማስተካከል ሳምንታት ይፈልጋል።

የደጋ ልጅ መሆን ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች 3,500 ሜትር አካባቢ የሚኖሩ አማሮችን መርምረው በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የሄሞግሎቢናቸውም ሆነ የደማቸው ኦክስጅን መጠን ባሕር ጠረፍ ከሚኖር ጤነኛ ሰው ብዙም እንደማይለይ አግኝተዋል። የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ሰዎች በተመሳሳይ ከፍታ ደማቸው ይወፍራል፣ የኛዎቹ ግን አልወፈረም። የሚያኮራ ነገር ነው።

ሜክሲኮ ሲቲንም ቢሆን ሯጮቻችን በደንብ ያውቋታል። በ1968 እ.ኤ.አ. ኦሎምፒክ አበበ ቢቂላ በእግሩ ጉዳት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲያቋርጥ፣ ማሞ ወልዴ በ36 ዓመቱ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ። ከዚያ በፊት በ10,000 ሜትር ብር ወስዷል። በዚያው 10,000 ሜትር የርቀቱ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረው አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ ስድስተኛ ወጥቶ መሬት ላይ ተዘረረ፣ ኦክስጅን ተሰጠው። ክላርክ ሰነፍ አልነበረም። የቆላ ሰው ነበር።

ወንድም ጋሼ ይህንን ታሪክ እኔ ከማውቀው በላይ ያውቀዋል። የሳተው አንድ ነገር ነው፤ ማሞ ሜክሲኮ የሄደው ከደጋ ነው፣ እሱ የሚሄደው ግን ከቨርጂኒያ ነው። ሰውነት ለከፍታ ያደረገው ዝግጅት ቆላ ከወረዱ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ይፈርሳል። 20 ዓመት ቀርቶ ሁለት ወር ይበቃል። እንዲያውም በአንዲስ አገሮች ያሉ ሐኪሞች ከቆዩ ዘመናት ጀምሮ የሚያውቁት ችግር አለ፤ ተራራ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው ቆላ ሰንብቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሳንባው ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ይህ የሚታየው ከሜክሲኮ ሲቲ በጣም ከፍ ባሉ ቦታዎች ነው፣ አትደንግጡ። የትውልድ ቦታ ዋስትና እንዳልሆነ ግን ያሳያል።

እንግዲህ የኔ አቋም ይሄ ነው። ለኳስ ተመልካች የሚጻፉ የጉዞ ምክሮች ስለ ትኬት፣ ስለ ሌባና ስለ ምግብ አውርተው ስለ ሰውነት ዝም ማለታቸው ጥፋት ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ የኛ ኩራት ነው። «ደጋ ነው ያደግኩት» የምንለው ነገር መድኃኒት ማስቆሚያ ሆኗል። በሙያዬ የማያቸው ስትሮኮች ብዙዎቹ «ደህና ነኝ» ብለው ክኒን ያቆሙ ሰዎች ናቸው።

አዲስ አበባ የምትኖሩና ሜክሲኮ የምትሄዱ ካላችሁ፣ እናንተን ከፍታው አያሳስባችሁ፤ ከተማችን ከሜክሲኮ ሲቲ መቶ ሜትር ያህል ትበልጣለች። የናንተ ፈተና በረራው ነው። ትራንዚቱን ጨምሮ ከ20 ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ በየሰዓቱ ተነስታችሁ ተራመዱ፣ ቁርጭምጭሚታችሁን አንቀሳቅሱ፤ እግር ውስጥ የሚረጋ ደም ሳንባ ድረስ ሊሄድ ይችላል። የሰዓት ልዩነቱ 9 ሰዓት ነው፤ ኢንሱሊን የምትወጉ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪማችሁ ጋ ቀርባችሁ ሰዓቱን አስተካክሉ፣ በግምት አይሆንም።

ከዲሲ፣ ከቶሮንቶ፣ ከዱባይ የምትሄዱ፣ ከድሬዳዋና ከጋምቤላም ጭምር፣ ከጨዋታው ሁለት ሦስት ቀን ቀድማችሁ ድረሱ። የከፍታ ራስ ምታት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ማታ ደርሶ በማግስቱ ስታዲየም መግባት ማለት ራስ ምታቱን፣ ማቅለሽለሹንና እንቅልፍ ማጣቱን ይዞ ከሰማንያ ሺህ ሰው ጋር መጮህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ቀስ በሉ፣ ሜስካሉን ለኋላ አቆዩት፣ የእንቅልፍ ክኒን አትውሰዱ። የደም ግፊት ያለበት ሰው ራሱን ሲያመው ዲክሎፌናክ ከሚውጥ ፓራሲታሞል ይሻለዋል። ጨዋታው ሞንተሬይ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሞንተሬይ 540 ሜትር አካባቢ ናት፣ እዚያ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው።

የልብ ድካም፣ በቅርቡ የልብ ድንገተኛ ሕመም፣ ከባድ የሳንባ ሕመም፣ ከባድ የደም ማነስ ወይም ሲክል ሴል ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችም፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። አስም ያለበት ሰው የሚነፋውን መድኃኒት ኪሱ ውስጥ ይያዝ፤ የሜክሲኮ ሲቲ አየር ጭስም አለበት። መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑና ከማዘዣው ጋር በእጅ ቦርሳ። በእጅ ቦርሳ ነው ያልኩት፣ ወንድም ጋሼ ይሰማል?

እዚሁ ሆናችሁ ዲኤስቲቪ ቤት የምታዩም ቢሆን ነጻ አይደላችሁም። በ2006ቱ የጀርመን ዓለም ዋንጫ ጊዜ በሙኒክና አካባቢው የተደረገ ጥናት፣ ጀርመን በተጫወተችባቸው ቀናት የልብ ድንገተኛ ሕመም ከሁለት እጥፍ በላይ መጨመሩን አሳይቷል። ይበልጥ የተጎዱት ቀድሞም የልብ ሕመም የነበረባቸው ናቸው። ሌሊት ተቀምጦ፣ ቢራ ጨምሮ፣ የማታ ክኒን ረስቶ ኳስ ማየት እንደ ቀላል አይታይ።

አንድ ነገር ልጨምር። በየወሩ በ21 ከቆላ አገር ተነስተው፣ ሕመማቸውን ይዘው፣ በደረሱበት ቀን እንጦጦ ማርያም ለመሳለም የሚወጡ እናቶችና አባቶች አሉ። ዓለም ዋንጫ ባይሄዱም የነሱም ጉዳይ ያው ነው። ልጆቻቸው የሆናችሁ፣ አንድ ሁለት ቀን ከተማ አሳርፏቸው፣ ከዚያ በመኪና እስከ በሩ አድርሷቸው።

አርፎ ተቀምጦም ትንፋሽ ማጠር፣ ደረት ላይ ጭነት፣ አረፋ ያለው ወይም ደም የቀላቀለ አክታ፣ መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት፣ የከንፈር መጥቆር፣ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ጨዋታው እስኪያልቅ አይጠበቅም። ወዲያው ሐኪም ቤት፣ ከተቻለም ዝቅ ወዳለ ቦታ።

ወንድም ጋሼን ያን ቀን ግማሽ ሰዓት አስቀምጬው፣ በቀስታ ይዤው ገባሁ፣ ተሳለመ። ሲወርድ በታክሲ ነው፣ ቤት እስክንደርስ አልተናገረም። ክኒኑን ግን በዚያው ማታ ጀመረ። ባለፈው ሳምንት ከቨርጂኒያ ጻፈልኝ፤ በረራውን ሦስት ቀን አስቀድሞታል፣ የደም ግፊቱም 132 በ84 ሆኗል። ከሥሩ ደግሞ «የሦስቱን ቀን ሆቴል የምትከፍለው አንተ ነህ» ይላል።