የጀልባ ቴፕ ምርጫ ከባትሪው ይጀምር

የአሜሪካዋ ሚኔሶታ ስፋታቸው ከ4 ሄክታር የሚበልጥ 11,842 ሐይቆች አሏት። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የሚኖሩትን በርካታ ኢትዮጵያውያን ጨምሮ፣ ለነዋሪው ሁሉ ውሃ ሩቅ አይደለም። በሐይቆቹ ላይ በብዛት የሚታየው ርዝመቱ 5 ሜትር ገደማ የሆነ የአሉሚኒየም ጀልባ ነው፤ ከኋላው ሞተር፣ ከመሪው አጠገብ የዓሣ መፈለጊያ ስክሪን፣ ከመቀመጫው ሥር አንድ ባትሪ። በዚህች ጀልባ ላይ ቴፕ ለመግጠም ያሰበ ሰው ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዋት ነው። ሻጩም የሚመልስለት በዋት ነው። ሁለቱም ባትሪውን ረስተውታል።

በካርቶኑ ላይ ጎልቶ የሚታተመው “4 በ50 ዋት” ለቅጽበት ብቻ የሚደረስበት ጣሪያ ነው። ቴፑ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ለእያንዳንዱ ድምፅ ማጉያ 20 ዋት ገደማ ነው፤ ለትንሽ ጀልባ ይኸው ከበቂ በላይ ነው። ገዢው ማወቅ ያለበት ሌላ ቁጥር ነው፤ ቴፑ ስንት አምፔር ይስባል? 5 አምፔር የሚስብ ቴፕ ለ4 ሰዓት ሲከፈት 20 አምፔር-ሰዓት ይወስዳል። ባለ 80 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ደግሞ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ ባይወጣ ይመረጣል። ስለዚህ ሙዚቃው ብቻውን ሊወጣ ከሚገባው ግማሹን ጨረሰ ማለት ነው። የዓሣ መፈለጊያው፣ መብራቱና የተያዘውን ዓሣ በሕይወት የሚያቆየው የውሃ ፓምፕ ገና አልተቆጠሩም። ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ይሞላዋል የሚል ይኖራል። የትንንሽ ሞተሮች ዲናሞ ግን ኃይሉን የሚሰጠው በሙሉ ፍጥነት ነው፤ ዓሣ ለመያዝ ቀስ እየተባለ ሲሄድ የሚመልሰው ጥቂት ነው። ሞተር ጠፍቶ መልሕቅ ሲጣል ደግሞ ምንም የለም። ሙሉ ባትሪ 12.7 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12.2 ላይ ሲደርስ ግማሹ አልቋል። ይህን የሚያሳይ ትንሽ የቮልት መለኪያ ከማንኛውም ተጨማሪ ድምፅ ማጉያ በፊት መገዛት አለበት። አቅም ያለው ለቴፑ ሁለተኛ ባትሪ ይለይለት፤ ሞተር የሚያስነሳውን ማንም አይንካው።

ሽቦው ላይ መሰሰት አደጋ ነው። ተራ የመኪና ሽቦ በእርጥበት ውስጡ ድረስ ይጠቁራል፤ ለጀልባ የሚመረጠው በቆርቆሮ የተለበጠ መዳብ ነው፤ መገጣጠሚያውም ተጨምቆ በሙቀት በሚኮማተር ፕላስቲክ መሸፈን አለበት። ከ1954 ጀምሮ ለጀልባ ሥራ ደረጃ የሚያወጣው የአሜሪካ የጀልባና የያት ምክር ቤት ፊውዝ ከባትሪው በ18 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ እንዲቀመጥ ይመክራል። ሽቦ ተላልጦ ቢነካካ እሳቱ የሚነሳው ከባትሪው እስከ ፊውዙ ባለው ርዝመት ነውና፣ ያ ርዝመት ማጠር አለበት። የመኪና ኤሌትሪሲስት ማሳውን ከመኪናው አካል ጋር ማያያዝ ለምዷል። በአሉሚኒየም ጀልባ ይህ ፈጽሞ አይደረግም፤ በብረቱ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ጀልባውን እየበላ ይቀዳደዋል። ፖዘቲቩም ኔጌቲቩም የየራሳቸው ሽቦ ይኑራቸው። የቴፑ ቢጫ ሽቦ ቴፑ ሲጠፋም የጣቢያዎችን ማስታወሻ ለማቆየት ኃይል ይስባል፤ ለሳምንታት ግቢ ውስጥ ለሚቆም ጀልባ በዋና ማጥፊያ በኩል ማለፍ ይኖርበታል።

ከዚያ መሰርሰሪያው ይመጣል። ርዝመታቸው ከ20 ጫማ በታች የሆኑ አብዛኞቹ ባለሞተር ጀልባዎች ውሃ ቢሞላቸውም እንዳይሰጥሙ የአሜሪካ ሕግ አምራቹን ያስገድዳል፤ ለዚህም ብዙውን ጊዜ በጎናቸውና ከወለላቸው ሥር ፎም ይደረጋል። ለድምፅ ማጉያ ተብሎ ጎኑ ተቀዶ ያ ፎም ሲወጣ የሚቀነሰው ሰው የሚያድን ነገር ነው። ቴፑንም ባትሪውንም የቤንዚን ታንክ ካለበት ዝግ ሳጥን ውስጥ መደበቅ እንዲሁ ክልክል ሊሆን ይገባል፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ከታች ይተኛል፣ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

ውሃ መቋቋምን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። “ውሃ አይነካውም” የሚል ቃል አይበቃም፤ የውሃ መቋቋም ደረጃው መታየት አለበት። አይፒኤክስ 6 የተባለው ኃይለኛ የውሃ ግፊት ይችላል፤ አይፒኤክስ 7 በ1 ሜትር ጥልቀት 30 ደቂቃ ይቆያል።

ዓሣውስ ይሰማል? ብዙ አጥማጆች ሙዚቃ ዓሣ ያባርራል ብለው ይከራከራሉ፤ ግማሽ እውነት አላቸው። በአየር ላይ ያለ ድምፅ ውሃው ገጽ ላይ ሲደርስ ከኃይሉ አንድ ሺኛው ያህል ብቻ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የቀረው ይመለሳል። በጀልባው ጎን ላይ በብሎን የታሰረ ድምፅ ማጉያ ግን አሉሚኒየሙን ራሱን ያንቀጠቅጠዋል፤ ያ ንዝረት በቀጥታ ውሃ ውስጥ ይገባል። ዓሣ ሁሉ በተሻለ የሚሰማው ደግሞ ወፍራሙን፣ ዝቅተኛውን ድምፅ ነው። ጀርመናዊው ኤርንስት ቬበር በ1820 እንደገለጸው፣ የካርፕና የአምባዛ ወገኖች የአየር ከረጢታቸውን ከውስጥ ጆሯቸው ጋር የሚያገናኙ ጥቃቅን አጥንቶች አሏቸው፤ ከብዙ ዓሦች የበለጠ የሚሰሙትም በዚህ ምክንያት ነው። የጣና ቢልጫዎችም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ ቆሮሶ ግን እነዚህ አጥንቶች የሉትም። ከፍተኛ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ በሆነው ጣና ላይ በሞተር ጀልባ የሚያሰግር ሰው ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ስለዚህ ሰብዉፈር የሚባለው ጉርምርምታ አምጪ ሣጥን ዓሣ በሚያዝበት ጀልባ ላይ ቦታ የለውም። ድምፅ ማጉያዎቹም ከጎኑ ይልቅ በመሪው ሣጥን ወይም በመደገፊያው ብረት ላይ፣ ጎማ ተደርጎላቸው ይታሰሩ፤ ማግኔታቸው ኮምፓሱን እንዳያሳስትም ከእሱ ይራቁ።

ከ4 ሜትር በታች ለሆነች፣ ሞተሯ በገመድ ለሚነሳ ጀልባ ግን መፍትሔው ምንም አለመግጠም ነው። ራሱን የቻለ ባትሪ ያለው የብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ በቂ ነው፤ ቀዳዳም ሽቦም አይፈልግም።

የድምፁ ከፍታም የባለጀልባው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ምሽት ላይ በውሃው ላይ የሚተኛው ቀዝቃዛ አየር ድምፅን ወደ ታች ስለሚያጎብጠው፣ አጥማጁ ለራሱ የከፈተው ዘፈን ማዶ ዳር ያለውን ቤት ይረብሻል። በትልልቆቹ ሐይቆችና በባሕር ዳርቻ ደግሞ የቪኤችኤፍ ሬዲዮ የያዘ ጀልባ ሬዲዮው ሲከፈት የጭንቅ ጥሪ የሚተላለፍበትን ቻናል 16 የማዳመጥ ግዴታ አለበት። ገጣሚው የድምፅ ማጥፊያውን መሪ የያዘው ሰው ሳይነሳ በሚደርስበት ቦታ ያድርገው፤ ባለቤቱም ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት ሞተሩን አስነስቶ፣ ቴፑን በሚፈልገው ከፍታ ከፍቶ፣ ከሬዲዮው የሚመጣው ንግግር በግልጽ መሰማቱን ይፈትሽ።